ሄኖክ ለምን ቀድሞ ተወሰደ? የአይሁድ ትርጓሜዎችን ሳትደናገሩ የምታነቡበት መንገድ

ይሄን የምጽፈው ብዙ ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲደናቀፍ ስላየሁ ነው። ዘፍጥረት 5፥24 ላይ ይደርሳል፣ ስልኩን ያወጣል፣ ታዋቂው የአይሁድ መጽሐፍ ቅዱስ ተንታኝ ራሺ ምን አለ ብሎ ይፈልጋል። "ጻድቅ ነበር፤ ግን ወደ ክፋት ለመመለስ ልቡ ቀላል ነበር፤ ስለዚህ ከጊዜው በፊት ተወሰደ" የሚል ያገኛል። ግማሹ ተናዶ ይዘጋዋል። ግማሹ ደግሞ "አይሁድ ሄኖክን ኃጢአተኛ ይሉታል" ብሎ ለጓደኛው ይልካል። ሁለቱም ገና አላነበቡም።

ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መልሱ ከጥያቄው በፊት ይነበባል። ራሺ የጻፈው ጥቅሱ ውስጥ የሆነ ነገር ስለጎረበጠው ነው። ያ ጉርብጥ ሳይሰማችሁ መልሱን ካነበባችሁ፣ ከመሬት ተነስቶ ሰውየውን የሰደበው ይመስላችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሁለት ምሽት መድቡ። በአንድ ቁጭታ ለመጨረስ አትሞክሩ፤ መሀል ላይ ይደክማችሁና ቀሪውን በግምት ትሞላላችሁ።

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ደብተርና እስክሪብቶ። በስልክ ማስታወሻ አይሆንም፤ ሠንጠረዥ ትሠራላችሁ፣ ቀስት ትስላላችሁ።
- የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ከተቻለ ሁለት የተለያየ ትርጉም።
- ሴፋሪያ የሚባለው ነጻ ድረ ገጽ። ዕብራይስጡና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን አለ፤ ጥቅሱን ስትነኩት የተንታኞቹ ዝርዝር በጎን ይከፈታል።
- ዕብራይስጥ የሚያነብ ሰው ካገኛችሁ እሰየው። እስራኤል የምትኖሩ ከሆነ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ።

አራት ቃላትም ያዙ። ፔሻት ማለት ቃሉ በቀጥታ የሚለው ነው። ሚድራሽ ደግሞ ሊቃውንቱ በቃሉ ላይ ጥያቄ እያነሱ የሚሰጡት ሐተታ ነው። ታርጉም የአራማይክ ትርጉም ነው። ዳቫር አሔር ቃል በቃል "ሌላ ነገር" ማለት ሲሆን፣ ሚድራሹ አንዱን ትርጓሜ ጨርሶ ወደ ሌላው ሲሻገር የሚጠቀምበት ቃል ነው።

ይሄኛው ለእኛ አዲስ ሊሆን አይገባም። አንድምታ የሰማ ሰው "አንድም... አንድም..." ሲባል ሁለተኛው የመጀመሪያውን እንደማይሰርዘው ያውቃል። ያንኑ ጆሮ ይዛችሁ ግቡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ይሄን ካለፋችሁ ቀሪው ሁሉ ይበላሻል። መጽሐፈ ሄኖክንና ዕብራውያን 11ን ለጊዜው ዝጉ። ተዉአቸው አላልኩም፤ በደረጃ 8 እንከፍታቸዋለን። አሁን ከከፈታችኋቸው ግን የዘፍጥረቱን ጥቅስ በእነሱ መነጽር ታያላችሁ፣ ረቢዎቹ የታገሉት ጥያቄም ከነጭራሹ አይታያችሁም።

ደረጃ 1፦ ምዕራፉን ሙሉውን አንብባችሁ ቁጠሩ

ቁጥር 24ን ብቻ አታንብቡ። ዘፍጥረት 5ን ከአዳም እስከ ኖኅ አንብቡና ዕድሜያቸውን በደብተር ጻፉ፦ አዳም 930፣ ሴት 912፣ ሄኖስ 905፣ ቃይናን 910፣ መላልኤል 895፣ ያሬድ 962፣ ሄኖክ 365፣ ማቱሳላ 969። ላሜሕ በዕብራይስጡ 777 ነው።

አሁን ዝርዝሩን ዝም ብላችሁ እዩት። አባቱ 962፣ ልጁ 969፣ እሱ መሀል ላይ 365። 365 ዓመት ለእኛ ተረት ነው። በዚህ ምዕራፍ ውስጥ ግን የጎረቤቶቹን ግማሽ እንኳ አልኖረም። "ያለ ዕድሜው ተቀጨ" የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ቀጥሎ "ሞተም" የሚለውን ቃል አስምሩበት። 8 ጊዜ ታገኙታላችሁ። እያንዳንዱ ሰው ወለደ፣ ኖረ፣ ሞተ፤ ደወል ይመስላል። ሄኖክ ላይ ሲደርስ ደወሉ አይደወልም። ማቱሳላ ላይ ተመልሶ ይደወላል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ያሳስታል። ሄኖስና ሄኖክ ሁለት ሰዎች ናቸው። ምዕራፍ 4 ላይ ያለው የቃየን ልጅ ሄኖክም ሌላ ነው። ሦስተኛው የቁጥር ጉዳይ ነው፤ አንዱ መጽሐፍ ሄኖክ ማቱሳላን የወለደው በ65 ዓመቱ ነው ይላል፣ ሌላው በ165። የመጀመሪያው የዕብራይስጡ ነው፣ ሁለተኛው የሰባ ሊቃናት ትርጉም ነው። አትደንግጡ። ድምሩ በሁለቱም 365 ነው።

ደረጃ 2፦ ጥቅሱ ውስጥ የሚጎረብጠውን ፈልጉ

በብዙዎቻችን እጅ ያለው አማርኛ "ሄኖክም አካሄዱን ከእግዚአብሔር ጋር ስላደረገ አልተገኘም፥ እግዚአብሔር ወስዶታልና" ይላል። ቆንጆ አማርኛ ነው። ግን ሁለት ቦታ ላይ ከዕብራይስጡ ይለያል፤ ሁለቱም ለሥራችን ወሳኝ ናቸው።

አንደኛ፣ "ስላደረገ" የሚለው። ዕብራይስጡ ምክንያት አይሰጥም። "ሄኖክም ከእግዚአብሔር ጋር ተመላለሰ፣ የለምም" ብሎ ያልፋል። አማርኛው "ስለ" ብሎ ሲያያይዘው ትርጓሜውን ጨርሶላችኋል፤ መወሰዱ ሽልማት ሆነ ማለት ነው። ሊሆን ይችላል። ግን ዕብራይስጡ ያንን ክፍት አድርጎ ነው የተወው።

ሁለተኛ፣ "አልተገኘም"። ይሄ ከሰባ ሊቃናት የመጣ ነው። ስንሰማው ሰዎች ፈልገው ያጡት ይመስለናል። ዕብራይስጡ "ቬኤይኔኑ" ይላል፤ "የለምም" ማለት ነው። የዮሴፍ ወንድሞች ግብፅ ውስጥ ዘፍጥረት 42፥13 ላይ ስለ ዮሴፍ ሲናገሩ የተጠቀሙት ይሄንኑ ቃል ነው። አንዱ "ኤይኔኑ" አሉ። ዮሴፍ ግን ከፊታቸው ተቀምጧል፤ በሕይወት አለ! ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ሞተም አልሞተም አይልም። ይሄን ቦታ ገልጣችሁ በዓይናችሁ እዩት። እኔ መጀመሪያ ሳየው ደብተሬን ዘግቼ ለጥቂት ደቂቃ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።

አሁን በራሳችሁ ቃል ጥያቄዎቹን ጻፉ። የእኔ ደብተር ላይ እንዲህ ይላል፦

"'ሞተም' ለምን ጠፋ? ዕድሜው ለምን አጠረ? 'ከእግዚአብሔር ጋር ተመላለሰ' የሚለው ቁጥር 22 ላይ ተብሎ ሳለ 24 ላይ ለምን ተደገመ?"

ጥያቄያችሁን ሳትጽፉ ወደ ደረጃ 3 አትለፉ። እውነቴን ነው። ሰው ሁሉ የሚዘለው ይሄንን ነው።

ደረጃ 3፦ "ወሰደ" የሚለውን ቃል ተከተሉ

ረቢዎቹ ቃል ሲከብዳቸው የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። ያው ቃል ሌላ ቦታ ላይ ምን እንዳለ ያያሉ። እናንተም ሦስት ቦታ ክፈቱ፦

1. ሁለተኛ ነገሥት 2፥3። የነቢያት ልጆች ኤልሳዕን "እግዚአብሔር ጌታህን ዛሬ እንደሚወስደው ታውቃለህን?" ይሉታል። ኤልያስ በዐውሎ ነፋስ ወጣ። እዚህ መወሰድ ሞት የለውም።
2. ሕዝቅኤል 24፥16። እግዚአብሔር ነቢዩን የዓይንህን አምሮት እወስድብሃለሁ ይለዋል። በዚያው ቀን ማታ ሚስቱ ሞተች። እዚህ መወሰድ ሞት ነው።
3. መዝሙር 73፥24 (በእኛ ዳዊት 72)። መዝሙረኛው ከክብር ጋር ትወስደኛለህ ይላል። ይሄኛው ወደ ሁለቱም ሊሄድ ይችላል።

ሦስቱንም ከቃሉ ጎን ጻፉና ከእያንዳንዳቸው ወደ ሄኖክ ቀስት አምጡ። በዚህ ሰዓት "አሃ፣ እንደ ኤልያስ ነው" ብላችሁ ከወሰናችሁ ቀስቱን አጥፉና እንደገና ጀምሩ። ገና አልደረስንም።

ደረጃ 4፦ ሚድራሹን ስታነቡ ማን ለማን እንደሚናገር ጻፉ

አሁን ብሬሺት ራባ 25፥1ን ክፈቱ። በምድረ እስራኤል በ5ኛው መቶ ዘመን አካባቢ የተሰበሰበ የዘፍጥረት ሚድራሽ ነው። አጭር ነው፤ አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም። ድምፆቹ ግን ብዙ ናቸው። ለእያንዳንዱ ተናጋሪ በደብተራችሁ አንድ መስመር ስጡ።

ረቢ ሐማ፣ የረቢ ሆሻያ ልጅ፣ በጣም ይከርራል። ሄኖክ በጻድቃን መዝገብ አልተጻፈም፣ በክፉዎች መዝገብ እንጂ ይላል።

ረቢ አይቡ ለዘብ ይላል። አንዴ ጻድቅ አንዴ ክፉ የሚሆን፣ የሚዋልል ሰው ነበር፤ እግዚአብሔርም "በጽድቁ ላይ ሳለ ላንሳው" አለ ይላል። ይሄን መስመር ክበቡት፤ ራሺ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ ክርክሩ ይጀምራል። ረቢ አባሁ በ300 ዓ.ም. ገደማ በወደብ ከተማዋ በቂሳርያ የኖረ ሊቅ ነው። ሚድራሹ "ሚኒም" የሚላቸው፣ ከረቢዎቹ መንገድ የወጡ ሰዎች፣ መጥተው "ሄኖክ ሞተ የሚል አላገኘንም" ይሉታል። ከእነዚህ መካከል ክርስቲያኖች እንደነበሩ ብዙ አጥኚዎች ያስባሉ። ረቢ አባሁ "ለምን?" ይላቸዋል። "እዚህም መወሰድ ተብሏል፣ ኤልያስም ላይ መወሰድ ተብሏል" ይላሉ። እሱም "መወሰድን የምትከተሉ ከሆነ ሕዝቅኤልም ላይ እኮ አለ" ብሎ የነቢዩን ሚስት ያመጣባቸዋል። ረቢ ታንሑማ ደግሞ ረቢ አባሁ ጥሩ አድርጎ መለሰላቸው ይላል።

በደረጃ 3 የሳላችሁትን ቀስት እዩ። ክርክሩን እናንተው ደብተር ላይ ሠርታችሁታል።

መጨረሻ ላይ አንዲት ሮማዊት ወይዘሮ ረቢ ዮሴን ያንኑ ትጠይቀዋለች። ከእግዚአብሔር ጋር ተመላለሰ ብሎ ቢያቆም እኔም እሺ እልሽ ነበር፤ ግን "የለምም" ብሏል፤ በዚህ ዓለም የለም ማለት ነው ይላታል።

አሁን ይሄን ልብ በሉ። በዚህ ገጽ ላይ ግማሹ ንግግር ክርክር ነው። "ሄኖክ አልሞተም" የሚል እምነት ከተማው ውስጥ አለ፤ ረቢ አባሁ እየመለሰ ያለው ለዚያ ነው። ሰው ክርክር ላይ ሲሆን ጠበቅ አድርጎ ይናገራል። የረቢ ሐማን ቃል ከዚህ ሁኔታ ነቅላችሁ "የአይሁድ አቋም" ብላችሁ እንዳትለጥፉት።

ደረጃ 5፦ ራሺን ቃል በቃል አንብቡ

ራሺ በ1040 ተወልዶ በ1105 ያረፈ፣ የፈረንሳይዋ ትሯ ከተማ ሰው ነው። የታተመ መጽሐፍ ላይ ከሆነ የምታነቡት፣ የእሱ ሐተታ በተለየ የዕብራይስጥ ፊደል ተጽፎ ታያላችሁ። የእሱ የእጅ ጽሕፈት ግን አይደለም፤ አታሚዎች ከጥቅሱ ለመለየት የተጠቀሙበት ነው።

አራት ቁራጭ አድርጋችሁ ጻፉት፦

1. ጻድቅ ነበር፣
2. ወደ ክፋት ለመመለስ ግን ልቡ ቀላል ነበር፤
3. ስለዚህ ቅዱሱ፣ የተባረከ ይሁን፣ ፈጠን ብሎ አነሳው፣ ከጊዜውም በፊት ገደለው።
4. መጽሐፉ በሞቱ ላይ አነጋገሩን ለውጦ "የለም" ያለው ለዚህ ነው፤ ዘመኑን ሊሞላ በዓለም ላይ የለም።

አራተኛውን ቁራጭ ሰው አያነበውም። ዋናው እሱ ነው። ራሺ ምን እንደጎረበጠው እዚያ ይናገራል፦ "መጽሐፉ አነጋገሩን ለወጠ"። 8 ጊዜ የተደወለው ደወል ለምን እዚህ ዝም አለ ብሎ ነው የጠየቀው። ቀጥሎም "ወስዶታልና" የሚለውን ያነሳና "ከጊዜው በፊት" ብሎ የሕዝቅኤልን ጥቅስ ይጠቅሳል።

ቀጥሎ ከሚድራሹ ጋር አስተያዩት። ራሺ ሁሉም ፊቱ ነበር። የክፉዎችን መዝገብ አላነሳውም፤ ተወው። የረቢ አይቡን ሐሳብ ወሰደ፤ ግን ሐተታውን የጀመረው "ጻድቅ ነበር" በሚል ነው። "ልቡ ቀላል" የሚለውንም በአማርኛ ስንሰማው "ቀላል ሰው" የሚለው ስድብ ይመጣብናል። እሱ የሚለው በቀላሉ የሚዘነበል ልብ ነው። ንፋስ ሲነካው የሚወዛወዝ ችግኝ ብላችሁ አስቡት።

አንድ ጊዜ በጥናት ቡድን ውስጥ አንድ ወንድም እዚህ ላይ ሲደርስ ተነስቶ ሊወጣ ነበር። "ሄኖክን!" አለ፣ ድምፁ ተንቀጥቅጦ። አልፈረድኩበትም። ስሙ የእሱም ስም ነው። አራተኛውን ቁራጭ እንዲያነብ ሰጠነው። አነበበና ተቀመጠ። አልተስማማም፤ ግን ሰውየው የሚሳደብ ሳይሆን የሚያነብ መሆኑ ገባው። ከዚህ ደረጃ የምትፈልጉት ይሄንን ብቻ ነው። መስማማት ግዴታ የለባችሁም።

ደረጃ 6፦ የማይስማሙትን ጎን ለጎን አስቀምጡ

ራሺ ብቻውን አይደለም፣ ብቻውንም አይነበብም። ሦስት ዓምድ ሥሩ፦ "ሞተ"፣ "አልሞተም"፣ "አከራካሪ"።

"ሞተ" በሚለው ሥር ራሺንና ኢብን ዕዝራን ጻፉ። ኢብን ዕዝራ በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረ የስፔን ሊቅ ነው፤ መወሰዱ ሞት ነው ይላል። ሄኖክ ልቡ ይዋልል ነበር የሚለው ነገር ውስጥ ግን አይገባም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። መሞቱን መቀበልና ጥፋት መፈለግ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

"አልሞተም" በሚለው ሥር የዮናታን ስም የተሰጠውን ታርጉም ጻፉ። እሱ ሄኖክ ወደ ሰማይ ወጥቶ ሜታትሮን፣ ታላቁ ጸሐፊ ተባለ ይላል። ደሬኽ ኤሬጽ ዙታ የተባለችው ትንሽ መጽሐፍም በሕይወት ሳሉ ወደ ኤደን ገነት የገቡ 9 ሰዎችን ስትቆጥር ሄኖክን ትጠቅሳለች። ከ9ኙ አንዱ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኩሻዊው አቤሜሌክ። የእኛ ሰው እዚያም አለ፤ ሳየው ደስ ብሎኛል።

"አከራካሪ" ሥር ኦንቅሎስ የሚባለውን ሌላ ታርጉም ጻፉ። በተለመደው ቅጂው እግዚአብሔር "ገደለው" ይላል፣ በሌላ ቅጂ ደግሞ "አልገደለውም"። በአንዲት ትንሽ ቃል ትርጉሙ ይገለበጣል። ስለዚህ አንዱ ሰው "ኦንቅሎስ እንዲህ ይላል" ብሎ ሲከራከራችሁ የቱ ቅጂ ብላችሁ ጠይቁ።

ዓምዶቹ ውስጥ የማይገባም አለ። የዘሌዋውያን ሚድራሽ የሆነው ቫይቅራ ራባ 29፥11 ላይ ሰባተኛ የሆነ ሁሉ የተወደደ ነው ብሎ ሲዘረዝር፣ ከትውልድ ሰባተኛው ሄኖክ ተወዳጅ ነው ይላል። ስለ ኃጢአቱ ምንም አላለም። በገጹ ግርጌ ጻፉት።

ደረጃ 7፦ ራሺን በራሺ ፈትኑት

አሁን የሚከብደው መጣ። ቀስ በሉ።

ማንም ልብ ያለው ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ሰው ገና ላልሠራው ኃጢአት እንዴት ዕድሜው ያጥራል? ይሄ ጥያቄ ከመጣባችሁ አትፈሩት፤ በትክክል እያነበባችሁ ነው።

ዘፍጥረት 21፥17ን ክፈቱ። እስማኤል በምድረ በዳ ውኃ ጠምቶት ያለቅሳል፣ እግዚአብሔርም "ባለበት ስፍራ" ይሰማዋል። ያው ራሺ እዚህ ላይ ምን ይላል? መላእክቱ ዘሩ ልጆችህን በውኃ ጥም ይገድላልና ለዚህ ልጅ ምንጭ ታፈልቅለታለህን ብለው ይከስሳሉ። እግዚአብሔር ይጠይቃቸዋል፦ አሁን ምንድን ነው፣ ጻድቅ ወይስ ክፉ? ጻድቅ ይላሉ። አሁን በሚሠራው ነው የምፈርድበት ይላቸዋል።

ከሄኖክ ጋር ይጋጫል አይደል?

ሦስተኛ ጥቅስ ጨምሩ፦ ዘዳግም 21፥18፣ እልከኛና ዐመፀኛ ልጅ። ሚሽና የሚባለው የረቢዎቹ ጥንታዊ የሕግ ስብስብ፣ ሰንሄድሪን በተባለው ክፍሉ 8፥5 ላይ፣ ይሄ ልጅ ስለ ፍጻሜው ይፈረድበታል፣ "ንጹሕ ሆኖ ይሙት፣ በደለኛ ሆኖ አይሙት" ይላል። ሚሽናን በሚያብራራው በታልሙዱ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ ልጅ ኖሮም አያውቅም፣ ወደፊትም አይኖርም የሚል ድምፅ አለ። ሊቃውንቱ ራሳቸው ተጨንቀዋል ማለት ነው።

ሦስቱን እንዴት እናስታርቃቸው? አንዱ መንገድ ይሄ ነው፦ ዐመፀኛው ልጅ መንገዱን ጀምሯል፣ እስማኤል አልጀመረም። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር ይታየኛል። እስማኤል ላይ መላእክቱ የጠየቁት ቅጣት ነው፣ እሱም ተከለከለ። ሄኖክ ላይ ግን ራሺ ያመጣው የሚሳሳ እጅን ነው፤ የያዘው ነገር ሳይበላሽበት ቶሎ የሚያነሳ። አብርሃም ላይም እንዲሁ ነው። ዘፍጥረት 25፥30 ላይ ራሺ፣ ይስሐቅ 180 ዓመት ሲኖር አብርሃም 175 የኖረው የልጅ ልጁ ዔሳው ሲበላሽ እንዳያይ 5 ዓመት ስለተቀነሰለት ነው ይላል። "ተቀነሰለት" ነው ያልኩት፣ "ተቀነሰበት" አላልኩም።

ይሄ የእኔ መልስ ነው። የራሳችሁን ጻፉ። ካልመጣላችሁ "አልታረቀልኝም" ብላችሁ ጻፉና እለፉ፤ ሐሰተኛ እርቅ ከመጻፍ ይሻላል።

ደረጃ 8፦ አሁን የእኛን መጻሕፍት ክፈቱ

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን ዛሬ የሚገኘው በግእዝ ነው። የአራማይክ ቁርጥራጮቹ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ተገኝተዋል፣ የኩፋሌ የዕብራይስጥ ቁርጥራጮችም እንደዚሁ። ይሄ ማለት እነዚህ መጻሕፍት ከሚድራሹ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማሉ፣ አይሁድም ጽፈዋቸዋል፣ አንብበዋቸዋል። ስለዚህ "አይሁድ እንዲህ፣ እኛ እንዲያ" የሚለው አከፋፈል እዚህ ላይ አይሠራም። ኩፋሌ 4 ላይ ሄኖክ ወደ ኤደን ገነት ተወስዶ የሰውን ሥራ ይጽፋል። ታርጉሙ "ታላቁ ጸሐፊ" ያለውን አስታውሱ።

ቤተ እስራኤልም ኦሪቱን በግእዝ ነው ይዘው የኖሩት፤ ታልሙድና ሚድራሽ በጥንቱ ትውፊታቸው አልነበሩም። ዛሬ ራሺን በዕብራይስጥ የሚያነብ ልጅና በግእዝ ያደገ አያቱ በአንድ ማዕድ ላይ ሁለት የተለያየ ሄኖክ ይዘው ሊቀመጡ ይችላሉ። ሁለቱም የአይሁድ ሄኖክ ናቸው።

አሁን መጽሐፈ ጥበብ 4፥10 እና 11ን አንብቡ። እግዚአብሔርን ደስ ያሰኘ፣ በኃጢአተኞች መካከል ሲኖር የተወሰደ ሰው አለ፤ ስሙ አልተጠራም። ለምን ተወሰደ? ክፋት ልቡናውን እንዳይለውጥበት። ራሺ ከመወለዱ ከሺህ ዓመት በፊት! ተናደን የዘጋነው ሐሳብ የገዛ መጽሐፍ ቅዱሳችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ይሄን ለጥናት ቡድኔ ያሳየኋቸው ቀን ማንም ለተወሰነ ጊዜ አልተናገረም።

ከዚያ ዕብራውያን 11፥5ን አንብቡ። ሞትን እንዳያይ ተወሰደ ይላል። በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ጻፉት።

ሲበላሽ ምን ታደርጋላችሁ?

ሁለት የእንግሊዝኛ ትርጉሞች የራሺን ቃል ለየብቻ ከተረጎሙት፣ የትኛው ትክክል ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ሁለቱንም ጻፉና ዕብራይስጥ የሚያውቅ ሰው ያንን አንድ ቃል ብቻ ጠይቁ። ሙሉ ገጽ ተርጉምልኝ ካላችሁት ይሰለቻል።

ቡድኑ ከተጣላ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። "ጥቅሱ ውስጥ ምን ጎረበጠህ?" ብላችሁ ሁሉንም በየተራ ጠይቁ። ጥል የሚነሳው ሁልጊዜ መልስ ላይ ነው።

"ሚድራሽ አንብቤ እምነቴ ተናጋ" የሚል ሰው ካለ ብቻውን አትተዉት። ለብቻ ወስዳችሁ አነጋግሩት፣ የሚያምነው አባት ወይም መምህር ካለም አገናኙት።

ይሄን ለቅሶ ቤት ይዛችሁ አትሂዱ

ይሄን ክፍል ለመጻፍ ብዬ ነው ቀሪውን የጻፍኩት ብል አላጋነንኩም።

አንድ ለቅሶ ላይ ነበርኩ። ልጁ ገና ጎረምሳ ነበር። አንድ ሰው፣ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ወደ እናትየው ጠጋ ብሎ "ሳይበላሽ ወሰደልሽ" አላት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ በኋላ እስከ ምሽት ቃል አልወጣትም።

ስለ ሄኖክ የተባለው ስለ ሄኖክ ነው። አንድ ጥቅስ ውስጥ ያለ አንድ ቃል ለመፍታት የተባለ ነው። የጎረቤታችሁን ልጅ ሞት ለመፍታት አልተሰጠም። ይሄንን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ታልሙድ ራሱ ይከለክላል። ባቫ መጺዓ በሚባለው ክፍሉ ገጽ 58 ላይ መከራ ለደረሰበት ወይም ልጆቹን ለቀበረ ሰው፣ የኢዮብ ወዳጆች ኢዮብን እንደተናገሩት አትናገረው ይላል። የእነሱ ቃል ኢዮብ 4፥7 ላይ አለ፦ ንጹሕ ሆኖ የጠፋ ማን ነው? በቃል መበደል ብለው ነው የቆጠሩት።

ሞኤድ ቃታን የሚባለው ሌላው የታልሙድ ክፍል ገጽ 28 ላይ ደግሞ አጽናኞች ሐዘንተኛው አፉን ሳይከፍት መናገር የለባቸውም ይላል። ከኢዮብ ነው የወሰዱት፤ መጀመሪያ ኢዮብ ተናገረ፣ ከዚያ ኤልፋዝ። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ስትሄዱ ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ዝም በሉ። እናትየው ካወራች ስሙ። ስለ ልጇ ከጠየቀቻችሁ የምታውቁትን አንድ ጥሩ ነገር ንገሯት፦ አንድ ቀን ያደረገውን፣ የተናገረውን።

በራሳችሁ የምትሞክሩት

ደረጃዎቹን በራሔል ላይ ሞክሩ። ዘፍጥረት 35፥16 እስከ 20 አንብቡ፤ መንገድ ላይ፣ ወልዳ፣ ሞተች። ከዚያ ወደ 31፥32 ተመለሱ። ያዕቆብ ጣዖቶቹን የሰረቀችው ራሔል መሆኗን ሳያውቅ ለላባ የተናገረውን እዩ። ራሺ እዚያ ጥቅስ ላይ የሚለውን ግን ገና አትክፈቱት። መጀመሪያ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ፦ እዚህ ጥቅስ ውስጥ ምን ጎረበጠኝ?